«ሙያውን የሚወድ መምህር አይለቅም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች

ርዕሱ ላይ ያለው አባባል በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ ሳይነሳ የቀረበት ዓመት የለም። ያታክታል። ወደ እሱ ከመምጣታችን በፊት ቀለል ያሉትን እንጨርስ።

«ብዙ መምህር ቢሠለጥን እጥረቱ ይቀረፋል።» አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሪቻርድ ኢንገርሶል እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጥናት፣ በአገሩ የእጥረቱ ዋና ምንጭ ጡረታ ሳይደርሱ የሚለቁት መሆናቸውን አሳይቷል።

«ችግሩ ደሞዝ ብቻ ነው።» ደሞዙ እንደማያኖር ማንም አይክድም። ግን በአንድ ወረዳ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንድ የደሞዝ ስኬል እየከፈሉ፣ አንዱ መምህር ሲያጣ ሌላው ይዞ ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው። የቀረ ሁሉ ወዶ አልቀረም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ማየር እና ናታሊ አለን እ.ኤ.አ. በ1991 ሰውን ሥራው ላይ የሚያቆየውን ትስስር በሦስት ከፍለውታል፦ ፍቅር፣ የመልቀቅ ኪሳራ፣ የግዴታ ስሜት። በሦስቱም ምክንያት የቀሩት ጠዋት ጠዋት ሰዓት ፊርማ ላይ እኩል ይፈርማሉ። መሄጃ አጥቶ የቀረው ግን የአምናውን ዕቅድ ቀኑን ቀይሮ ያስገባል፤ መልሱን ሳያይ ደብተር ላይ ፈርሞ ያልፋል፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አሥሩን ደጅ ያሳልፋል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ የሚቆጥር ርዕሰ መምህር ይህን ሰው ታታሪ ይለዋል።

ለመልቀቅ የሚያስበውስ? አምስት ሴክሽን የያዘ የሒሳብ መምህር እንውሰድ። በክፍል 60 ተማሪ ካለ 300 ደብተር ነው፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ቢሰጥ 10 ሰዓት። ይህ ከሳምንቱ 25 ክፍለ ጊዜ ውጭ ነው። ሥራውን በወጉ የሚሠራው ነው እዚህ ላይ የሚዝለው፤ ሳያይ የሚፈርመው ምን ያደክመዋል?

ርዕሳነ መምህራን፣ ነባሮቹ የሸሹትን ሴክሽን አዲሱ ላይ አትጫኑ። መምህራን ሥራ ላይ ሆነው ሙያቸውን የሚያሻሽሉበትን መንገድ የሚደነግገው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ለጀማሪ መምህር በአማካሪ የሚደገፍ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ያዛል፤ ብዙ ቦታ ፋይሉ ብቻ ነው ያለው። አማካሪውን ከዚያው የትምህርት ዓይነት መድቡ። ሁለቱም ነፃ የሚሆኑበትን ክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ሲወጣ ቀድማችሁ ያዙ፤ ከወጣ በኋላ አይገኝም። «ለምን ይሄዳሉ?» የሚለውን ጥያቄም ክሊራንስ እስኪያስፈርሙ አታቆዩት። በኅዳር «ምን ቢቀነስልዎት ይቆያሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ከተባለው አንዱ እንኳ የሁለተኛው ሴሚስተር ፕሮግራም ላይ ይግባ፤ ካልገባ በሚቀጥለው ዓመት የሚመልስላችሁ አይኖርም።