ፒፒኤፍ እና ሴራሚክ ኮቲንግ ምንድን ናቸው? በድሬዳዋስ ዋጋቸውን ያወጣሉ?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ገና ሰሌዳው ሳይታሰር ሁለት ምክር ይቀርብለታል፤ አንዱ «ፒፒኤፍ አስለጥፍ» ይለዋል፣ ሌላው «ሴራሚክ አስቀባ» ይለዋል። ሁለቱም ቀለም ይጠብቃሉ ተብለው ስለሚሸጡ ብዙ ሰው የአንድ ነገር ውድና ርካሽ ደረጃ አድርጎ ያያቸዋል፤ ገንዘብ ያለው ፒፒኤፍ የሚያስለጥፍ፣ አቅም ያጠረው ደግሞ በሴራሚክ የሚብቃቃ ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፒፒኤፍ (የቀለም መከላከያ ፊልም) ከጠጠር የሚከላከል ወፍራም ቆዳ ሲሆን ሴራሚክ ግን ቆሻሻ በቀላሉ እንዲለቅ የሚያደርግ እጅግ ስስ ቅብ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «የእኔን መኪና የሚጎዳው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የድሬዳዋ መልስ ከአዲስ አበባው የተለየ ነው።

በቅድሚያ የሚጠበቀው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከፋብሪካ የወጣ የዘመኑ መኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። በላሜራው ላይ የዝገት መከላከያ ይያዛል፤ በዚያ ላይ ፕራይመር፣ ቀጥሎ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም መልክ የሌለው ግልጽ ቫርኒሽ ይደረባል። ሁሉም ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ይሆናሉ። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ በመሆኑ፣ ይህ ውፍረት ከሁለት የራስ ፀጉር ብዙም አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ የቫርኒሹ ድርሻ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው። የመኪናው ማብረቅረቅ የሚመጣው ከዚህ ስስ ንብርብር ነው፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚመክተው ኬሚካልም በብዛት ያለው በዚሁ ውስጥ ነው። ጭረት ለማጥፋት በመሣሪያ ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ከእርሱ ጥቂት ማይክሮን ይቀነሳል፤ የተቀነሰውም አይተካም።

ፒፒኤፍ ፖሊዩሬቴን ከተባለ ተለጣጭ ፕላስቲክ የሚሠራ ግልጽ ፊልም ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ስለሚደርስ ከመላው የፋብሪካ ቀለም ይወፍራል ማለት ነው። መነሻው የጦር አውሮፕላን ነው፤ አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተሮቻቸውን ተሽከርካሪ ክንፎች አሸዋና ፍርስራሽ እየበላ ሲያስቸግራቸው የመሸፈኛ መላ ፍለጋ የጀመሩት ሥራ ነው ወደ መኪና የተሻገረው። ፊልሙ ጠጠር ሲመታው የምቱን ኃይል በመለጠጥ ይበትነዋል። ጥሩ በሚባሉት ዓይነቶች ላይ ደግሞ ከላይ ያለው ሽፋን በፀሐይ ሙቀት ወይም በሞቀ ውሃ ተለሳልሶ ቀላል ጭረቶችን ራሱ ይዘጋል። ፊልሙን የቀደደ ጭረት ግን አይሽርም፤ ላሜራው እንዳይጎደጉድም ፊልም አያግደውም። በመጋላ ጠባብ መንገድ ባጃጅ ታክኮ ሲያልፍ የሚተወውን ስስ ጭረት ይቀበላል፣ ገፍቶ የሚያጎደጉደውን ግን አይቀበልም።

ሴራሚክ ኮቲንግ የሚለው ስም ሰውን ያሳስታል፤ የሸክላ ወይም የንጣፍ ሴራሚክ ከመኪናው ላይ የሚጋገር ያስመስለዋል። በእውነቱ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ ፈሳሽ ነው። በውስጡ ያለው በሲሊካ ላይ የተመሠረተ ውህድ ቫርኒሹ ላይ በጨርቅ ተቀብቶ ሲደርቅ አጥብቆ ይይዝና ስስ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከፊልሙ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ ገደማ ማለት ነው። ውሃ በላዩ ሲፈስ እንደ ዶቃ እየተድበለበለ ይንከባለላል፣ አቧራና ጭቃም አጥብቆ አይይዝም፣ መልኩም ይደምቃል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። በፍጥነት የሚወረወርን ጠጠር ግን ሁለት ማይክሮን ሊያቆመው የሚችልበት ምንም መንገድ የለም።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት «9ኤች ጥንካሬ» የሚለው ቃል ገዢን ከሁሉ በላይ ስለሚያሳስት ጥቂት ልቆይበት። ይህ ቁጥር የመጣው ከእርሳስ ነው። እርሳሶች ከለስላሳ እስከ ጠንካራ ደረጃ ስላላቸው፣ የቅብ ባለሙያዎች እያጠነከሩ በሚሄዱ እርሳሶች ገጽታውን ይገፉትና የትኛው እንደሚጭረው ይመዘግባሉ፤ 9ኤች የተባለው እርሳስ ካልጫረው ቅቡ «9ኤች» ይባላል። ይህ ፍሬድሪክ ሞስ የተባለው የማዕድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1812 ካወጣው፣ አልማዝን በ10ኛ ደረጃ ላይ ከሚያስቀምጠው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። በሞስ መለኪያ በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ 7ኛ ደረጃ ላይ ነው፤ የትኛውም እርሳስ ደግሞ ኳርትዝን አይጭርም። ስለዚህ «9ኤች» የተባለ ቅብ ከደቻቱ አሸዋ አንዲት ቅንጣት ጋር በጨርቅ ሲታሽ የሚጫረው ቅቡ እንጂ አሸዋው አይደለም።

ደቻቱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓመቱን በአብዛኛው ደርቆ በከተማዋ መካከል የሚተኛው የወንዝ አሸዋ ነፋስ ሲነሣ ከዚራም ሳቢያንም ይደርሳል። ጠዋት መኪናው ላይ የሚገኘው ቡናማ ዱቄት ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም በውስጡ ኳርትዝ አለበት። እንግዲህ ዘበኛው ወይም ባለቤቱ ለደግ ብሎ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርገው በቫርኒሹ ላይ ብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ይሆናል። ፀሐይ ሲያርፍበት ጥቁር መኪና ላይ የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ክብ ክብ ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከዚህ ጨርቅ ነው። ሴራሚክ የተቀባ መኪና አቧራው በውሃ ብቻ በቀላሉ ስለሚለቅለት መታሸት ይቀንስለታል፤ በዚህ ይጠቅማል። በደረቁ መጠረጉ ከቀጠለ ግን ቅቡም አብሮ ይጫራል፣ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃው ነው። የድሬዳዋ ሰው ውሃ የፈላበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይቶ የማያውቅ የለም፤ ነጭ ቅርፊት ይዞ ይገኛል። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዝየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ይኸው ነው፣ መኪና ላይም ይጋገራል። የታጠበ መኪና ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ ሲተው ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ማዕድኑ ግን እዚያው ይቀራል። እዚህ ላይ ሴራሚክ ያልተጠበቀ ጣጣ ያመጣል፤ ውሃውን ወደ ጠብታ ስለሚሰበስበው እያንዳንዱ ጠብታ ማዕድኑን በአንድ ቦታ አከማችቶ ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ይተዋል። ካልተቀባ መኪና ላይ ተበትኖ ሊደበዝዝ የሚችለው ዝቃጭ፣ በተቀባው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ጎልቶ ይወጣል።

ይህን ያወቅሁት ከወንድሜ መኪና ነው። አዲስ አበባ ሴራሚክ አስቀብቶ አመጣት፤ እዚህ እንደ ማንኛውም መኪና ላቫጆ ገባች፣ አሥር መኪና ባጠበ ስፖንጅና በልብስ ዱቄት ሳሙና ታጠበች፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ቆማ ደረቀች። በጥቂት ወራት ውስጥ ኮፈኗ በቀለበት ተሞላ። ገና ትኩሱን ነጠብጣብ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ጥላ ሥር ሆኖ ወዲያው በማለቅለቅ ማስለቀቅ ይቻል ነበር፤ ፀሐይ ያበሰለው ግን ፖሊሽ ጠየቀ፣ ፖሊሹም ቅቡን ይዞት ሄደ። ቅቡ መጥፎ አልነበረም፤ ከቅቡ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት የአጠባበቅ ልማድ ሳይመጣ ቀረ እንጂ።

ስለዚህ ስለ ሴራሚክ ያለኝ አስተያየት ይህ ነው። መኪናውን ራሱ በሁለት ባልዲ፣ በንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ በጠዋት ወይም በማታ ጥላ የሚያጥብና ጠርጎ የሚያደርቅ ሰው፣ ወይም እንዲህ የሚያጥብለት የታመነ ሰው ያለው ባለቤት ቢያስቀባ ዋጋውን ያገኘዋል፤ እጥበቱ ይቀልለታል፣ የወፍ ኩስም በከዚራ ዛፎች ሥር ላቆመው መኪና ቶሎ ይለቅለታል። (ኩሱ አሲድነት ስላለው በሙቀት ቀናት ከቆየ ቅቡንም አልፎ ቫርኒሹን እንደሚበላው ግን መዘንጋት የለበትም።) በየአጋጣሚው ላቫጆ ለሚያስገባ ሰው ግን ያንኑ ገንዘብ ለጨርቅ፣ ለመኪና ሻምፖና ለጥላ መሥሪያ ቢያውለው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። «አምስት ዓመት ይቆያል» የሚባለውም ቢሆን በተገቢው አያያዝ ብቻ የሚታሰብ ነው፤ በዚህ ፀሐይና በዚህ ውሃ እኔ ሁለት ዓመት ብዬ ነው የማስበው።

የፒፒኤፍ ሒሳብ የሚወሰነው ባለመኪናው በሚሄድበት መንገድ ነው። ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ቤት በከተማው ውስጥ ብቻ የሚመላለስ ሰው ጠጠር በፍጥነት የሚመታው እምብዛም ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የደወሌ መንገድ ከጅቡቲ የሚወጡትንና ወደዚያ የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች እየተከተለ የሚመላለስ ነጋዴ ወይም ሹፌር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ወደ ሐረር ሲወጣም ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ከ1,800 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ደጋ እስኪደርስ ከፊቱ የጭነት መኪና፣ ከወዲያ ደግሞ ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚበሩት አይጠፉም። የምት ኃይል ከፍጥነት ጋር በእጥፍ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ጠጠሩ የሚያርፍበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ጉዳቱም የሚያርፈው በታወቁ ቦታዎች ነው፦ የፊት ፓራውልት፣ የኮፈኑ የፊት ጠርዝ፣ የፓራፋንጎው አፍ፣ ስፖኪዮ እና የፊት መብራት። ጣሪያንና የኋላ በርን በፊልም ማልበስ ለዚህ ችግር መልስ አይደለም።

ስለዚህ ሙሉ መኪና ማልበስ ለአብዛኛው ባለቤት አያዋጣም ባይ ነኝ። የፊቱን ክፍል ብቻ ማልበስ ግን በረጅም መንገድ ለሚኖር መኪና ያዋጣል፤ ከዚያ ሌላ የበር እጀታ ሥር፣ የበር ጠርዝና ዕቃ የሚጫንበት የኋላ ፓራውልት አናት ትንሽ ቁራጭ ፊልም ብዙ የሚያተርፍባቸው ቦታዎች ናቸው። የፊት መብራቱም ሽፋን ፕላስቲክ ስለሆነ በፀሐይ ቢጫ እየሆነ የሚደበዝዝ ነገር ነው፤ ለእርሱ የሚሆነው ፊልም አነስተኛ ስለሆነ ምንም ባይደረግ እንኳ ይኼ ቢደረግ እላለሁ።

ገንዘቡን ማስላት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዋጋ ጠይቆ ያነጻጽር። አንደኛው የፊቱን ክፍል በፊልም የማልበሻ ዋጋ ነው፤ ይህን ሻጩ በሚነግረው ዓመት ሳይሆን በአምስት ያካፍለው። ሁለተኛው ኮፈኑንና የፊት ፓራውልቱን ደንበኛ ፎርኖ (የቀለም መጋገሪያ ክፍል) ባለው ጋራዥ የማስቀባት ዋጋ ነው። በዚህ በሁለተኛው ላይ ግን በደረሰኝ የማይታይ ወጪ መጨመር አለበት፤ በእኛ ገበያ «ቀለሙ ያልተነካ» መኪና የተለየ ዋጋ አለው። ገዢው በጣቱ ያንኳኳል፣ ማግኔት ያስጠጋል፣ ደላላውም የስቱኮ ምልክት ይፈልጋል፤ እንደገና የተቀባ ኮፈን ጠጠር ብቻ ይዞት የተቀባ ቢሆን እንኳ ግጭት እንደነበረው ተደርጎ ይቆጠራል። መኪና እዚህ ከአገልግሎቱ በላይ የተቀመጠ ሀብት ስለሆነ፣ በዚህ የተነሣ የፋብሪካ ቀለምን ማቆየት በሌላ አገር ካለው ይልቅ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ለፒፒኤፍ የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያም ይህ ይመስለኛል።

ፊልም ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከፖሊዩሬቴን ይልቅ ከፒቪሲ የተሠሩ ርካሽ ፊልሞች በዚሁ ስም ይሸጣሉ፤ እነርሱ በፀሐይ ቢጫ ይሆናሉ፣ ይደርቃሉ፣ ጭረትም አይዘጉም። ቁራጭ ናሙና ጠይቆ መሳብ ይቻላል፤ ፖሊዩሬቴኑ ተለጥጦ ይመለሳል፣ ፒቪሲው ተለጥጦ ይቀራል። ቀለል አድርጎ ጭሮ የሞቀ ውሃ ማፍሰስም ሌላ ፈተና ነው። የሥራው ቦታም እንደ ቁሱ ይታይ። ፊልሙ በሳሙና ውሃ እየተንሸራተተ ስለሚለጠፍ፣ ክፍት ግቢ ውስጥ በቀትር ከተሠራ ውሃው ከመስተካከሉ በፊት ይደርቃል፣ ነፋስ ያመጣው አሸዋም ሥሩ ይቀበራል። ሴራሚክም በጋለ ላሜራ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ ሳይጠረግ የቀረው ቦታ ጥላ መስሎ ይቀራል። ዝግ ክፍልና የማለዳ ሰዓት መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው።

አሮጌ መኪኖችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሐረር ውስጥ ዛሬም በታክሲነት የሚታዩት ፔጆ 404ዎች በጊዜያቸው የተቀቡት ግልጽ ቫርኒሽ በሌለበት አንድ ወጥ ቀለም ነው፤ ሲወለወሉ ጨርቁ መልካቸውን የሚይዘውም ስለዚህ ነው። ለእነርሱ ተራ ሰም በየጊዜው መቀባት ይበቃል።

ከጋራዥ ቀለም የተቀባ መኪና ላይ ፊልም ማስለጠፍ ግን ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከውጭ ተጠግነው የገቡ ብዙ መኪኖች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁት በዚህ ክፍል ውስጥ ይወድቃሉ። ፊልም ዕድሜው ሲያልቅ መነሣት አለበት፤ ሲነሣም በእንፋሎት ወይም በሙቀት አየር እየለሰለሰ፣ ወደ ራሱ ታጥፎ በዝግታ ይሳባል። የፋብሪካ ቀለም ይህን ይችለዋል። በደንብ ሳይፋቅ ወይም ሳይጋገር የተቀባ ቀለም ግን ከሙጫው ይልቅ ከላሜራው ጋር ያለው ዝምድና የላላ ስለሆነ ከፊልሙ ጋር ተልጦ ይመጣል። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት ቀለሙ በውፍረት መለኪያ እንዲለካ ማድረግ፣ ከ150 ማይክሮን እጅግ የበለጠ ቁጥር ያሳየውን ክፍል መተው፣ ሠራተኛውንም ከአምስት ዓመት በኋላ ፊልሙን ማን፣ በምን መሣሪያ እንደሚያነሣው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።