ሁሉን ትተን መጥተናል፤ ወንበሩንስ?

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። "ሕይወቴን ለጌታ ሰጥቻለሁ" ያላለ በመካከላችን የለም። ዛሬ ስለዚህ ነገር የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን ይዘን እንነጋገር። ከቁጥር 17 እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ አንብቡት፤ በጣም ልብ የሚመረምር ክፍል ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ባለጠጋው ሰው ነው። ሮጦ መጣ፣ ተንበረከከ፣ ትእዛዛቱንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መጠበቁን ተናገረ። ኢየሱስም ውሸትህን ነው አላለውም። "ወደ እርሱ ተመልክቶ ወደደውና፦ አንድ ነገር ጎደለህ" ይላል ቃሉ። አያችሁ፣ ያለህን ሽጥ ያለው ወድዶት ነው። እኛ ግን የጨበጥነውን አልለቅ የምንለው ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር የምንወደውን ነገር ሊነጥቀን የሚጠብቅ ስለሚመስለን ነው። "እንደ ፈቃድህ ይሁን ብዬ ዲቪውን ቢከለክለኝስ? የማልወደውን ሰው አግቢ ቢለኝስ?" እንላለን። ችግሩ መሰሰት ብቻ አይደለም። የአባታችንን ልብ እንጠረጥራለን።

ሰውየው እያዘነ ሄደ። ጴጥሮስ ወዲያው "እነሆ፥ እኛ ሁሉን ትተን ተከተልንህ" አለ። እውነቱን ነው። እነርሱ መረባቸውን ትተዋል፤ ያዕቆብና ዮሐንስ አባታቸውን ዘብዴዎስን እንኳ ታንኳው ላይ ትተው ነው የተከተሉት። ነገር ግን ጌታ በኢየሩሳሌም ስለሚጠብቀው መከራና ሞት ነግሯቸው ገና እንደጨረሰ፣ እነዚሁ ሁለት ወንድማማቾች ጠጋ ብለው አንድ ልመና አለን አሉት። "ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?" አላቸው። በክብርህ ጊዜ አንዳችን በቀኝህ፣ አንዳችን በግራህ እንቀመጥ አሉ።

ይሄ በተለይ ለምናገለግል ሰዎች ከባድ ነው። መጠጡን ትተናል፣ ጭፈራውን ትተናል፣ ለወንጌል ሲሉ ደህና ሥራ የለቀቁም አሉ፣ ግን በጌታ ቤት ውስጥ ወንበር እንፈልጋለን። መድረኩ ለሌላ ሲሰጥ እንቀየማለን። ስማችን ሳይጠራ ከቀረ ኳየሩን ጥለን እንወጣለን፣ ባስ ካለም ቤተ ክርስቲያን እንቀይራለን። ዓለም ውስጥ የተውነውን ክብር በአገልግሎት ስም መልሰን እየጠየቅን እኮ ነው! እንደኔ እምነት፣ መሰጠታችን የሚታወቀው በተውነው ነገር ብቻ ሳይሆን ዛሬም በጸሎት በምንለምነው ነገር ጭምር ነው።

ደግነቱ ጌታ እነዚህን ሁለት ሰዎች አልጣላቸውም። እኔ የምጠጣውን የመከራ ጽዋ ትጠጣላችሁ አላቸው። ያዕቆብን በኋላ ሄሮድስ በሰይፍ አስገደለው፤ የሐዋርያት ሥራ 12 ላይ ታገኙታላችሁ። ወንበር ሲለምን የነበረው ሰው ሕይወቱን ሰጠ። እንዲህ አድርጎ የሚለውጥ ጌታ ነው ያለን።

ምዕራፉ የሚያልቀው በዕውሩ ለማኝ በበርጤሜዎስ ነው። ኢየሱስ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፦ "ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?" የእርሱ ልመና ማየት ብቻ ነበር። ወደ ጌታ ሲመጣ ግን ልብሱን ጥሎ ነው የመጣው። በኦሪት ዘጸአት 22 መሠረት የድሀ ልብስ በመያዣ ቢወሰድ እንኳ ፀሐይ ሳትገባ ይመለስለት ነበር፤ ማታ የሚተኛበት ሌላ የለውማ። ለዚህ ለማኝ ያ ልብስ ትልቅ ንብረቱ ነበር ማለት ነው። ብዙ ያለው ሰው አዝኖ ሲሄድ፣ አንድ ልብስ የነበረው ሰው ጥሎት ተነሣ፤ ዓይኑ ሲበራለትም ጌታን በመንገድ ተከተለው።

አንዳንዶቻችሁ "እኔ እኮ የምፈልገው ነገር አለ፤ የለም ብዬ እንዴት ልዋሽ?" ትሉ ይሆናል። አትዋሹ። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ "ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ" ብሎ ለምኗል፣ ያንኑ ቃል ደግሞም ጸልዮበታል። "ነገር ግን አንተ የምትወደው" ያለው ልመናውን በግልጽ ከተናገረ በኋላ ነው። ልጅ መፈለግ፣ ትዳር መፈለግ፣ ከበሽታ መዳን መፈለግ ኃጢአት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ለእግዚአብሔር መሰጠት ማለት ለአንድ አገልጋይ ፈቃድ መገዛት አይደለም። "ጌታ ብሎሃል፣ ቤትህን ሽጥ፣ እገሊትን አግባ" የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ቸኩላችሁ እሺ አትበሉ። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ በመጻሕፍት መርምረውታል፣ በዚህም ተመስግነዋል።

በዚህ ሳምንት በጸሎት ሰዓታችሁ "ሁሉን ሰጥቼሃለሁ" ብላችሁ በጅምላ አትለፉት። ያንን ነገር በስሙ ጥሩት፦ ሥራውን፣ እጮኛውን፣ የልጃችሁን ነገር፣ መድረኩን። ለመልቀቅ አቅም ካጣችሁም "ጌታ ሆይ፣ አልቻልኩም፣ አንተ አስለቅቀኝ" በሉት፤ ነገም እንደገና በሉት። መስቀሉን ዕለት ዕለት ይሸከም ያለው እርሱ ራሱ ነውና።