ተነሥተህ ብላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሰንበት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ እየቀመስን ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች አንዷ ቀስ ብላ ቀረበችኝ። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ቡና አፍልተን ስንስቅ አመሸን። እንደዚያ ከሳቅኩ ቆይቷል። ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ሰው መሞቱን አነበብኩ፤ የማውቀው ሰፈር ነው። በጣም አፈርኩ። አገር እንዲህ ሆና እኔ በምን ሞራሌ ነው የምስቀው? ኃጢአት ነው?»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብያት አለፍኩ። የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። ግን እንዲያ ተብሎ የሚታለፍ ጥያቄ አልነበረም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ያው ጥያቄ የሚከነክናችሁ ብዙ እንደሆናችሁም አውቃለሁ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም በምን ውስጥ እያለፈች እንዳለ ለእናንተ አልነግራችሁም። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ አብረን አይተናል። ድንበር ተሻግረን ሱዳንን ብናይ እዚያም ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ነው። እና በዚህ መሐል ተሰብስቦ ቡና መጠጣት፣ ለበዓል አዲስ ነጠላ መልበስ፣ ኳስ እያዩ መጮህ እንዴት ይሆናል?

ቅዱስ ኤልያስን እናስታውስ። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ኤልዛቤል ልትገድለው ዝታበታለች፤ የእግዚአብሔር መሠዊያ ፈርሷል፤ ነቢያት ተገድለዋል። ኤልያስ ለራሱ ብቻ አይደለም የተጨነቀው፣ ስለ አገሩ ነው። የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ክትክታን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። «ይበቃኛል» አለ። ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ለመነና ተኛ።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን ኖሮ ትምህርት እሰጠው ነበር። ስለ ተስፋ ጥቅስ እደረድርለት ነበር። እግዚአብሔር ግን መልአኩን ልኮ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ቢያይ በራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ተቀምጦለታል። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም አልተቆጣውም። ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው።

እንጎቻ የሚለውን ቃል ሳነብ ልቤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እናቴ ማድቤት ነው። እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ቡሃቃው ሥር ጥቂት ሊጥ ትቀራለች። እናቴ ጠራርጋ ምጣዱ መሐል ታፈሳታለች። እኛ ልጆች ጭሱ እያስለቀሰን ምጣዱን ከበን እንጠብቃለን። በትኩሱ አዋዜ ቀብታ ትሰጠናለች። መዳፋችንን እያቃጠለን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጥን እንበላለን። ለቤተሰቡ ምሳ የሚሆነው ሞሶብ ውስጥ ያለው ነው፤ እንጎቻ ልጅ ደስ ይበለው ተብሎ የሚጋገር ነው። እግዚአብሔር ሞትን ለለመነ ነቢይ ይህን ላከለት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

በእኛስ አገር ለቅሶ ቤት ምን እናደርጋለን? ሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። እናቶች ሐዘንተኛዋ አጠገብ ይቀመጡና ቁራሽ ይዘው «በሞቴ ቅመሺ» ይላሉ። እምቢ ስትል ይለምኗታል። ማንም «ይቺ ሴት ልጇ ሞቶ ትበላለች» አይላትም፤ ባትበላ ነው የሚጨነቁላት። በሦስተኛው ቀን የሟቹን ደግነትና ጨዋታ እያነሱ ፈገግ ያሰኟታል። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲያወርሱን ኤልያስን የቀሰቀሰውን መልአክ ሥራ ነው ያወረሱን ብዬ አምናለሁ።

አንድ የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ነሐሴ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስልክ አያለሁ። ትንሹ ልጄ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይዞ መጣ። ከሁለት ሰብሮ ትልቁን ለእኔ ዘረጋ። «ተወኝ ልጄ፣ ዜና እያየሁ ነው» አልኩት። ዓይኔን እንኳን አላነሳሁም። ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከዚያ በቆሎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከሰዓት በላይ ቆይቼ ሳየው በቆሎው ደርቋል፣ ልጁም ተኝቷል። ያን ማታ ስለ ስንት ሰው መከራ እንዳነበብኩ አላስታውስም። አንዳቸውንም ግን አልጠቀምኳቸውም። አልጸለይኩላቸውም። ዝም ብዬ አገላብጥ ነበር። እኔ ስለ ዓለም እያዘንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ የነበረውን አንድ ሕፃን ግን አሳዝኜ አሳደርኩት።

ዜና አትስሙ ማለቴ አይደለም። ወንድሙ ምን ላይ እንዳለ የማይጠይቅ ክርስቲያን የለም። እኔ ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ቦታ በስሙ ጠርቼ «አቤቱ፣ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ፣ የምረዳው ካለ እረዳለሁ፣ ከዚያ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ቅዳሴያችንም ያስተማረን ይህንኑ ነው። በሊጦኑ ስለ ታመሙት፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። ከቅዳሴ ወጥተን ደግሞ ደጀ ሰላም ቁጭ ብለን ጸበል ጸዲቁን በደስታ እንቀምሳለን።

የጾሙንና የበዓሉን ሥርዓትም አስቡት። 55 ቀን እንጾማለን። በትንሣኤ እንገድፋለን፤ ከዚያ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾሙም፣ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን «ዘንድሮ ዓለም ስለከፋች በዓለ ኀምሳ ቀርቷል» ብላ አታውቅም። ደስታው የተመሠረተው ክርስቶስ በመነሣቱ እንጂ ዘመኑ በመመቸቱ አይደለምና።

ጌታችን ራሱስ? ቢታንያ ላይ በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ። ከፋሲካ በፊት በስድስተኛው ቀን እዚያው ቢታንያ እራት አዘጋጁለት። ማርታ ታገለግላለች፣ አልዓዛር አብሮ ማዕድ ላይ ነው፣ ማርያም ውድ ሽቱ አፍስሳ ቤቱ በመዓዛ ተሞላ። ከስድስት ቀን በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ጌታ ያውቃል። ሆኖም እራቱን አልገፋም፣ ሽቱውንም አልከለከለም። «ለሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» ያለው ይሁዳ ነው። ዮሐንስም ይህን ያለው ለድሆች ተገድዶላቸው እንዳልሆነ ነግሮናል። እህቴ፣ አንቺን ከይሁዳ ጋር እያነጻጸርኩሽ አይደለም፤ የአንቺ ኀፍረት ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን በድሆች ስም ደስታን የሚከለክል ድምፅ ሁሉ ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ እወቂ።

በሌላ በኩል ደግሞ ነቢዩ አሞጽ አለ። በምዕራፍ 6 ላይ በወይን ጠጅና በሽቱ ሲደሰቱ ስለ ዮሴፍ መከራ ግን የማያዝኑትን ወዮላችሁ ይላቸዋል። ይህ ቃል ለዛሬ ሠርጎቻችን በደንብ ይሠራል። ድሮ ጎረቤት ሐዘን ሲኖር ከበሮ አይመታም ነበር፤ የሠርግ ቀን ቢደርስ እንኳን ሐዘንተኛው ቤት ሄደው ያስፈቅዱ ነበር። አሁን ለቅሶ ቤት ግድግዳ ላይ ስፒከር እየተደገፈ ሲያድር አያለሁ። ያማል። የአሞጽ ወቀሳ ግን ስለ መብላታቸው ብቻ አልነበረም፤ የወንድማቸው መከራ ስላልተሰማቸው ነው።

ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ሰምቶ ሲያለቅስ ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ ተባለ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ አያልቅም፤ ላልተዘጋጀላቸውም እድል ፈንታቸውን ስደዱ ይላል። «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እንላለን፤ ስደዱ የሚለውን ግን እንዘለዋለን። ኤልያስም እንጎቻውን በልቶ እዚያው ክትክታው ሥር አልቀረም። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ፣ ኮሬብ ደረሰ፣ እዚያ ሥራ ተሰጠው። ብቻዬን ቀረሁ ሲልም ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ከቀያቸው የተፈናቀሉ እናቶች ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩ ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ጤፍና ዘይት ይዘን ሄደን ነበር። አመሰገኑን፣ መረቁን። ልንወጣ ስንነሣ አንዲት እናት እጄን ያዙና «ልጄ፣ እህሉስ በአምላክ ፈቃድ ይመጣል፤ እኛ የሚያጫውተን ሰው ነው ያጣነው» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ወጣሁ።

የፊታችን ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቡናው እሳቸው ቤት ይፈላል። የምትችሉ ሁሉ አንድ ሰው የሚበቃው እንጀራ ጨምራችሁ ኑ። አንቺም ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይ። ያን ማታ ያን ያህል ያሳቃችሁን ጨዋታ ለእማማም ትነግሪያቸዋለሽ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።