አዲስ የደረሰ አልበም፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሄቪ ሜታል ሰሚዎች ልማድ

አልበም ማሳየት ከአዲስ አበባ መሐል ርቀው በኮንዶሚኒየም መንደሮች፣ እንዲሁም በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በገላን በኩል የሚኖሩ የሄቪ ሜታል፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጊታር ከባድ ድምፅ የሚታወቀው የሮክ ሙዚቃ፣ አድናቂዎች ልማድ ነው። አንዱ በቅርቡ እጁ የገባውን ሸክላ፣ ሲዲ ወይም ካሴት ይዞ ወደ ጓደኛው ቤት ይሄዳል። ሽፋኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አልበሙ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይደመጣል፤ ከየት እንደተገኘና በማን በኩል እንደመጣ ይነገራል። ሰሚው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳሎን ይበቃዋል።

እዚህ የወሩ ትልቅ ወሬ የሚሆነው ዘንድሮ የታተመ አልበም ላይሆን ይችላል። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የሜታሊካ ባንድ አልበም «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ባለፈው ሳምንት በአንድ ሰው ሻንጣ ከገባ፣ የሚታየውም የሚወራለትም እሱ ነው። አልበም የሚገዛው ብር ስላለ ብቻ አይደለም፤ የሚያመጣ ሰውም መኖር አለበት። የገዛው ሰው ብቻውን ዘግቶ የማይሰማውም ለዚህ ይመስለኛል። የመጣው በብዙ ሰው ትብብር ስለሆነ የሚሰማውም በጋራ ነው።

ከፋብሪካ ሰፈር የወጣ ድምፅ

ሄቪ ሜታል የተወለደው በርሚንግሃም በተባለችው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ በ1968 እ.ኤ.አ. አስተን ከሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ተነሣ፤ የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 አወጣ። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ ክሩን የሚጫነው በዚሁ በተጎዳው እጁ ነበር። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክሮች ገጠመ፤ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሜታል ሁሉ የሚታወቅበት ከባድ ድምፅ ከዚህ ጉዳት ጋር የተያያዘ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን ወይም በሰበታ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ጎህ ሲቀድ የፈረቃ ሠራተኛ የሚጭነውን ሰርቪስ፣ የብየዳ ቤቱን ብልጭታና የፋብሪካውን አጥር እያየ አድጓል። ሜታል የሀብታም ልጆች ሙዚቃ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከመነሻው የዳርቻ ሙዚቃ ነው ብዬ አምናለሁ። የብላክ ሳባዝ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝቦርን ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ በርሚንግሃም ላይ የመጨረሻ መድረኩን ካቀረበ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሕይወቱ የተዘጋው በተወለደበት ከተማ ሕዝብ ፊት ዘፍኖ ነው።

እንዴት ይደርሳል

ዋናው መንገድ መንገደኛ ነው። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከዱባይ የሚመጣ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ አለዚያም የጓደኛ ጓደኛ ይለመናል። አንድ ሻንጣ የሚፈቀድለት ክብደት ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ላይ የእናት መድኃኒት፣ የሕፃናት ልብስና ስልክ ይቀድማሉ። የሸክላ ሽፋን በየጎኑ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን በልብስ መሐል ተዘርግቶ ካልተቀመጠ ይጎብጣል ወይም ጥጉ ይመታል። ስለዚህ ሲዲ ይመረጣል። ክብደት ለመቀነስ የፕላስቲክ ማኅደሩን እዚያው ጥለው ዲስኩንና ቡክሌቱን ብቻ የሚያመጡ አሉ፤ ተቀባዩ እዚህ ባዶ ማኅደር ፈልጎ ይገጥምለታል።

በዚህ ምክንያት አልበም የሚደርስበት ወቅት አለው። ለገናና ለጥምቀት ዳያስፖራው ሲገባ፣ እንደገናም በክረምት የውጭ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ የሚታይ ነገር ይበዛል። በሌላው ጊዜ ያለውን ደጋግሞ መስማት ነው።

ፖስታ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ደብዳቤ በየቤቱ የሚታደልበት ልማድ ስለሌለ እሽጉ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። የአዲሶቹ መንደሮች ነዋሪ የራሱ ሳጥን ከሌለው የመሥሪያ ቤቱን ወይም የዘመዱን ይጠቀማል። እሽጉ በጉምሩክ ይታያል፤ ቀረጥ ሊጠየቅበትም ይችላል። የኮዬ ፈጬ ወይም የየካ አባዶ ልጅ ለአንድ ሲዲ ግማሽ ቀን ፈቅዶ፣ ታክሲ ቀያይሮ ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል።

ዋጋውን የሚወስነው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። 15 ዶላር የሚሸጥ ሲዲ ከ855 ብር ወደ 1,800 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አላደገም። ለዚህ ነው ገንዘብ የሚያዋጡ፣ እንደ ዕቁብ ተራ ገብተው ባለተራው የመረጠውን የሚያስመጡ ጓደኛሞች ያሉት። ባለተራው አልበሙን ይወስዳል፤ ሌሎቹ ግን መጀመሪያ አብረው የመስማት መብት አላቸው።

የባንድ ስም የታተመባቸው ጥቋቁር ቲሸርቶች ደግሞ ከሰልባጅ ይገኛሉ። ቦንዳው ሲፈታ ሻጩ የማያውቀውን ስም ከክምሩ ለይቶ ማውጣት ዓይን ይጠይቃል፤ የተገኘውም ከአልበም እኩል ለጓደኛ ይታያል።

ሜታል በአገሩ የሙዚቃ ንግድ ውስጥ ስፍራ አግኝቶ አያውቅም። አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሐ ሪከርድስን ከፍቶ የአገር ውስጥ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ብላክ ሳባዝ ገና አልበም አልነበረውም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። የፒያሳና የመርካቶ ሙዚቃ ቤቶች የኖሩት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ዘፈን ነው፤ የውጭው ከካሴት ወደ ካሴት ይቀዳ ነበር። ቀጥሎ የተቃጠለ ሲዲ፣ ከዚያም ፍላሽ መጣ። በፍላሽ የዞረ ሙዚቃ ብዙ ሰው አስተምሯል፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን ፋይሉ ሽፋን የለውም፤ ማን ከበሮ እንደመታ፣ የት እንደተቀዳ አይናገርም፤ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል እንኳ ይዛባል። ሰው ሁሉን በስልኩ እያገኘ ዋናውን ለመያዝ የሚደክመው ለዚህ ነው፤ ድካሙም የሚገባው ነው።

የሚደመጥበት ቤት

ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ መርፌ ሲያልቅበት ደግሞ ያው መንገደኛ ይጠበቃል። ሲዲው የሚደመጠው ብዙውን ጊዜ በሳሎኑ ዲቪዲ ማጫወቻ ነው፤ ለፊልም ተገዝቶ አቧራ የለበሰ ዕቃ ከቴሌቪዥኑ ወይም ከትልቅ ስፒከር ጋር ተገናኝቶ እንደገና ሥራ ያገኛል። መብራት ከጠፋ ስብሰባው ወደ ቡክሌት ንባብ ይዞራል። የአዲስ አበባ ደጋ አየር ሸክላ አያጎብጥም፤ ችግሩ የበጋ አቧራና የክረምት እርጥበት ነው። በተለይ ምድር ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሽፋናቸው ሻጋታ እንዳያወጣ ከግድግዳ አርቀው ያቆሙታል።

አዲስ የመጣ አልበም ሲታይ ያልተጻፈ ሥርዓት አለ። ላስቲኩን የሚቀድደው ባለቤቱ ነው። ሽፋኑ በደንብ ሳይታይ ሙዚቃው አይከፈትም። ዘፈን አይዘለልም። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፤ የመጀመሪያው ስኒ የሚደርሰው በአንደኛው ዘፈን ላይ ከሆነ ሦስተኛው ሲጠጣ አልበሙ እያለቀ ነው። የስሌየር ባንድ አልበም «ሬይን ኢን ብላድ» ለዚህ አይበቃም፤ ርዝመቱ 29 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በካሴት ሲወጣ ሙሉ አልበሙ በሁለቱም ገጽ የተደገመው በዚህ ማጠር ምክንያት ነው።

የስብሰባው እምብርት ለእኔ የምስጋና ዝርዝሩ ንባብ ነው። የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባንዶች በቡክሌታቸው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ያመሰገኗቸው ሌሎች ባንዶች ስም ይደረድራሉ። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው «ይሄን አላውቀውም» ሲል ስሙ ይመዘገባል፤ ለሚቀጥለው መንገደኛ የሚሰጠው ዝርዝር የሚወለደው እዚያ ላይ ነው። ከአንድ አልበም ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ይህ ነው።

ክርክሩም ከአገር ጆሮ ይነሣል። የባቲ ማይነር ቅኝት አምስት ኖታዎች የሮክ ጊታር ዋና መሠረት ከሆነው ባለ አምስት ኖታ ቅኝት፣ ከፔንታቶኒክ ማይነር፣ ጋር አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ የብላክ ሳባዝ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የጊታር ዜማ) ለአበሻ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ዲስቶርሽንን፣ ማለትም ሆን ተብሎ የሻከረውን የጊታር ድምፅ፣ ሲሰሙ በገናን የሚጠቅሱ አሉ። በበገናው ክርና በድልድዩ መካከል የምትገባው እንዚራ፣ ያቺ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ ድምፁን የምታስነዝረው ሆን ተብሎ ነው፤ ጥራት ያለው ድምፅ የግድ ጭረት የሌለው መሆን የለበትም። ጩኸቱን የሚነቅፍ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ቀረርቶና ፉከራ ይነሣለታል፦ ጀግና ሲፎክር በለሆሳስ አይደለም።

ጎረቤትና እምነት

የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ድምፅ አይከለክልም። ስለዚህ የሚመረጠው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶች ቀድመው ይነገራቸዋል። በግቢው ለቅሶ ካለና ድንኳን ከተተከለ ሙዚቃ አይከፈትም፤ ሁሉም ለቅሶ ይደርሳል፣ አልበሙ ለሌላ ቀን ይቆያል። አራስ ባለችበት ደረጃም እንደዚሁ በጆሮ ማዳመጫ በየተራ ይሰማል።

ከባዱ ጥያቄ የእምነት ነው። ሽፋኖቹ ላይ የሚታየው የራስ ቅል፣ ቀንድና እሳት ወላጅን ያስደነግጣል፤ ድንጋጤውም ንቀት የሚገባው አይደለም። ብዙ አድናቂዎች ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፤ 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾም ዘፈን ትተው፣ አልበም ቢደርሳቸው እንኳ ሳይከፍቱ ለፋሲካ የሚያቆዩ አሉ። አይረን ሜይደን የተባለው ባንድ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣው አልበም የርዕሱ ዘፈን መግቢያ ላይ የሚነበበው ቃል ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 እና 13 የተወሰደ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ጥቅሱን ለእናቱ ማንበብ ጠቡን ሁሉ አያበርድም፤ ንግግር ግን ይከፍታል።

ከአህጉሩና ከቤት

ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ውጪ የመጣ አልበም ልዩ ደስታ አለው። ብራዚላዊው ባንድ ሴፑልቱራ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሩትስ» ከሻቫንቴ፣ ከብራዚል ነባር ሕዝቦች አንዱ፣ ጋር የቀዳው ሙዚቃ፣ ሜታል የራስን ከበሮ ሊሸከም እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። የቦትስዋናዎቹ ባንዶች ረስት፣ ስኪንፍሊንትና ኦቨርስረስት አፍሪካ ውስጥ የራሱ አለባበስና ታዳሚ ያለው ሜታል እንዳለ አስመስክረዋል። በአገራችን ለዚህ ድምፅ የቀረበው ጃኖ ባንድ ነው። ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው አልበሙ «ኤርታሌ» ሜታል ባይባልም ከባድ ጊታርን ከአማርኛ ዜማ ጋር ያጋጠመ በመሆኑ ከብዙ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ስብስብ በአንድ ቤት ለዘለዓለም አይቀመጥም። ባለቤቱ ቪዛ ሲያገኝ አልበሞቹን ተሸክሞ መሄድ አይችልም፤ ሻንጣው በበርበሬ፣ በሽሮና በድርቆሽ ይሞላል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ጓደኞቹን ይጠራል፤ በውሰት የወጣው ይመለሳል፣ እንደየሰው ፍላጎት ይከፋፈላል። የተካፈሉትም የእሱን ስም ከቡክሌቱ ውስጥ በእርሳስ ይጽፋሉ። እሱ በሄደበት አገር ሥራ ይዞ እግሩን ሲተክል ደግሞ የመጀመሪያው ዝርዝር የሚላከው ለእሱ ነው።