«ሙከራውን መድገም» ለምን መልስ አይሆንም?

«የሙከራውን ቫሊዲቲ የሚያሻሽለው የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ተፈታኝ «አምስት ጊዜ መድገም» የሚለውን ያከብባል። መድገም የሚጠቅመው ለሪላያቢሊቲ ነው፤ ውጤቶቹ ይቀራረቡ እንደሆነ ያሳያል። ቫሊዲቲ ግን የሚጠይቀው ሙከራው እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ለክቷል ወይ ብሎ ነው።

የተለመደውን የኤሎዲያ ጥያቄ እንውሰድ። የውኃ ተክሉ በቢከር ውስጥ ሆኖ አምፖል መጀመሪያ በ10፣ ቀጥሎ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበራበታል፤ ብርሃን በፎቶሲንተሲስ (ተክሉ በብርሃን ምግቡን በሚሠራበት ሂደት) ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማየት፣ ተክሉ በደቂቃ የሚያወጣቸው የኦክስጅን አረፋዎች ይቆጠራሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን በግምት ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ አምፖሉ ሲቀርብ ውኃውንም ያሞቃል። አረፋው የበዛው በብርሃኑ ይሁን በሙቀቱ አይታወቅም፤ መቶ ጊዜ ቢደገም ያው እንከን መቶ ጊዜ ይመለሳል።

ስለዚህ ምርጫዎቹን ከማንበብዎ በፊት ሦስት ነገር ይለዩ፦ ሆን ተብሎ የተቀየረው (ርቀት)፣ የተለካው (አረፋ)፣ ሳይታሰብ አብሮ የተቀየረው (ሙቀት)። ሦስተኛውን የሚያስወግደውን ይምረጡ፤ ለምሳሌ በአምፖሉና በቢከሩ መካከል ውኃ የሞላበት የመስታወት ዕቃ ማቆም፣ ወይም ብዙም የማያሞቅ ኤልኢዲ አምፖል መጠቀም። ቴርሞሜትር መክተት ብቻውን ችግሩን ያሳያል እንጂ አያስወግድም።

ብዙ ተፈታኝ የሚዘለው አንድ ምርጫ አለ፦ «የጋዙን መጠን በስሪንጅ መለካት»። አረፋዎች መጠናቸው እኩል ስላልሆነ ቁጥራቸው የኦክስጅኑን መጠን በትክክል አይወክልም፤ እናም ይህም የቫሊዲቲ ማሻሻያ ነው።