ዲጂታል ዙም ምንድን ነው? የከዚራዋ ወፍ ለምን ብዥ አለች?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈሬ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። «አቦ፣ ይቺ ወፍ ምንድን ናት?» ይላል። ከፈትኩት። አረንጓዴ መሀል አንድ ቡናማ ነገር አለ። ጅራት የሚመስል አለው፣ ጭንቅላት የሚመስልም አለው፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ግን አይለይም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ጫፍ ላይ ያለችውን ወፍ በስልኩ እስከ መጨረሻው ጎትቶ ነው ያነሳት።

«አስር እጥፍ አቅርቤያት እኮ ነው!» አለኝ።

አላቀረባትም። ወፏ እዚያው ቅርንጫፏ ላይ ናት። ስልኩ የሠራው ሥራ ከትልቁ ፎቶ መሀሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው። ዲጂታል ዙም ማለት ይኸው ነው፤ መቁረጥና መለጠጥ።

እውነተኛው ዙም ሌላ ነው። ኦፕቲካል ይሉታል። በእሱ ጊዜ ሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳሉ። የወፏ ምስል ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የሚያርፈው ራሱ ገዝፎ ነው። በዲጂታል ዙም ጊዜ ግን ሌንሱ ንቅንቅ አይልም። የገባው ብርሃን ያው የገባው ነው።

በቁጥር እንየው። ስልካችሁ 12 ሜጋፒክስል፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው እንበል። ፎቶው በወርድ 4000፣ በቁመት 3000 ነጥብ አለው ማለት ነው። ሁለት እጥፍ ስትጎትቱ መሀል ያለው 2000 በ1500 ብቻ ይቀራል፤ 3 ሜጋፒክስል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት እጥፍ ሲባል ግማሹ የቀረ ይመስለዋል። የቀረው ግን ሩቡ ነው፣ ምክንያቱም በወርድም በቁመትም ተቆርጧል። አራት እጥፍ ከሆነ ከ16 አንድ እጅ ይቀራል። አስር እጥፍ ከሆነማ 400 በ300 ነው። ከመቶ አንድ!

ስልኩ ግን ይህን ቁራጭ እንዳለ አይሰጣችሁም፤ ያፍራል መሰለኝ። መልሶ 12 ሜጋፒክስል አድርጎ ለጥጦ ያስቀምጠዋል። አንዱ እውነተኛ ነጥብ መቶ ይሆናል፤ ዘጠና ዘጠኙን ስልኩ ጎረቤት ጎረቤቱን እያየ በግምት ይሞላዋል። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው። ድስቱ ይሞላል። ሥጋው ግን ያው የነበረው ነው።

ለመሆኑ ችግሩ ወፍ ላይ ለምን ይብሳል? የምድር ባቡር ጣቢያውን ፊት ለፊት ቆማችሁ ሁለት እጥፍ ብትጎትቱት ማንም ልብ አይልም። ግድግዳ ግድግዳ ነው። ወፍን ከወፍ የሚለየው ግን ጥቃቅን ነገር ነው፤ ዓይኗ ዙሪያ ያለ ቀለበት፣ የመንቁሯ ቀለም፣ አንገቷ ላይ ያለች ነጠብጣብ። ግምት መጀመሪያ የሚያጠፋውም እነዚህን ነው። ደግሞ ወፍ ሩቅ ናት፣ ትንሽ ናት፣ አትቆምም። ብዙ ጊዜ ከኋላዋ የሚያንጸባርቅ ሰማይ አለ።

አሁን አሁን አዳዲሶቹ ስልኮች ሌላ ጣጣ አምጥተዋል። የጎደለውን ሲሞሉ ዝም ብለው አይለጥጡም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላባ የሚመስል ነገር ይስላሉ። ፎቶው ጥርት ብሎ ያምራል። ላባው ግን የዚያች ወፍ ላባ ላይሆን ይችላል። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ምንም አይደል። «ይቺ ወፍ ምንድን ናት?» ለሚል ሰው ግን ከብዥታው ይልቅ ይኼ አደገኛ ነው። ብዥታ ቢያንስ አይዋሽም።

እንግዲህ ራሴን ላጋልጥ። ሐረር ጊድር መገላ ሥጋ ተራው ጋ ሄዳችሁ የምታውቁ ጭላቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጣሪያ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ቁራጭ ሥጋ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው ካዩ ተወርውረው መንትፈው ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሰማይ ላይ የሚዞረውን አንዱን ላነሳ ስምንት እጥፍ ጎተትኩ። ስክሪኑ ላይ ሰማይ ብቻ። ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁንም ሰማይ። ወደ ቀኝ፣ ቆርቆሮ። እጄ ትንሽ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉ ሙሉ ለሙሉ ይዘላል፤ ዙም የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላላ። ሃያ ምናምን ፎቶ አንስቼ አንድ ክንፍ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ጥሩ የወጣልኝ ተስፋ ቆርጬ ያለ ምንም ዙም ያነሳሁት ነው። ጭላቱ ሥጋው ላይ ሲወርድ፣ ቢጫ መንቁሩና እንደ ሹካ የተከፈለው ጅራቱ ቁልጭ ብሎ። በኋላ ቤት ገብቼ ዳር ዳሩን ቆረጥኩት።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዲጂታል ዙም የሚሠራውን መቁረጥ እናንተም በኋላ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ያውም አስባችሁበት። ስልኩ መሀሉን ብቻ ይቆርጣል፤ እናንተ ግን ወፏ ያለችበትን ትቆርጣላችሁ። ወፏ ድንገት ብትነሳም ሰፊው ፎቶ ውስጥ ትገኛለች።

ታዲያ ዲጂታል ዙም ከንቱ ነው? አይደለም። ወፏ ስክሪኑ ላይ የሩዝ ፍሬ ስታክል ስልኩ እሷን አያያትም። ፎከሱን ቅጠሉ ላይ ያደርጋል፣ ብርሃኑን በሰማዩ ይለካል፣ ወፏ ጥላሸት ሆና ትወጣለች። በጣት ነክቶ እሷን ለማሳየት መሞከርም አይሆንም፤ ጣታችሁ ወፏንም ቅርንጫፉንም ይሸፍናቸዋል። ሁለት እጥፍ ስትጎትቱ ግን መንካት ይቻላል፤ ፎከሱም ብርሃኑም ለእሷ ይስተካከላል። ይኼ በኋላ በመቁረጥ የማይገኝ ጥቅም ነው። ስለዚህ የእኔ ልክ ሁለት እጥፍ ነው። ስልካችሁ 48 ወይም 50 ሜጋፒክስል ከሆነ ደግሞ ሁለት እጥፉ ብዙም አይጎዳም፤ ቢቆረጥም 12 ሜጋፒክስል ገደማ ይተርፋል።

ስልኩ ላይ «3» ወይም «5» የሚል ቁልፍ ካለ ራሱን የቻለ ሌንስ ሊኖረው ይችላል፤ ያ እውነተኛ ማቅረብ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ቀላል ዘዴ አለ። ቁልፉን ነክታችሁ ከጀርባ ያሉትን ሌንሶች አንድ በአንድ በጣታችሁ ሸፍኑ። ስክሪኑን ያጨለመው የቱ ነው? ሥራ ላይ ያለው እሱ ነው። ዋናውን ስትሸፍኑ ከጨለመ ስልኩ እየቆረጠ ነው። አንዳንድ ስልክ ብርሃን ሲያንስ «3» ብላችሁም እንኳ ሳይነግራችሁ ወደ ዋናው ሌንስ ይመለሳል። ሲመሽ የተነሳ ፎቶ ድንገት ከተበላሸባችሁ ምናልባት ምክንያቱ ይኼ ነው።

ካሜራ ልትገዙ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከገባችሁ ደግሞ «ዙሙ ስንት ነው?» አትበሉ። «ኦፕቲካሉ ስንት ነው?» በሉ። ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ኦፕቲካሉና ዲጂታሉ ተባዝተው የመጣ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ ርቀት ያላቸውም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኒኮን ፒ900 ኦፕቲካሉ ብቻ 83 እጥፍ ነው፣ በ2018 የመጣው ፒ1000 ደግሞ 125። የወፍ ወዳጆች የሚወዷቸው ወደው አይደለም።

ግን ድሬ ውስጥ እነሱም ይረታሉ። እኩለ ቀን ላይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆማችሁ ማዶውን እዩ። አየሩ ራሱ እንደ ፈላ ውሃ ይንቀለቀላል። በዚያ ሙቀት ውስጥ አልፎ የመጣን ምስል የትኛውም ሌንስ አያጠራውም፤ አቅርባችሁ ባያችሁት ቁጥር መንቀልቀሉም ይጎላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። ወፎቹም ያኔ ናቸው የሚንጫጩት። ወደ ሐረር የምትወጡ ከሆነ ሐረማያ ላይ ውረዱ፤ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ ይዞ ተመልሷል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል።

ወደ ልጁ ልመለስ። «ከዚህ በፊት ያነሳኸው የለም?» አልኩት። አለ። ወፏ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ እያለች አንድ አንስቷል፣ ያለ ዙም። «እሱማ ትንሽ ናት፣ አታምርም» አለ። በፋይል ላክልኝ አልኩት፤ ቴሌግራም በፎቶ መልክ ሲልክ አሳንሶ ነው የሚልከው፣ በፋይል ከሆነ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ከፍቼ ቆረጥኩት። ቁንጮዋ ቆሟል፣ ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል። ማውስበርድ የሚሏት ዓይነት ናት። እዚህ ድረስ ከመጀመሪያው ፎቶም መገመት ይቻል ነበር። ግን ማውስበርድ አንድ አይደለችም። ጉንጯ ነጣ ያለ አለች፣ ማጅራቷ ላይ ሰማያዊ ያላትም አለች። ብዥ ያለው ፎቶ ላይ ማጅራቷ ከቅጠሉ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ቡናማ ሆኗል። እዚህኛው ላይ ግን ከቁንጮዋ ሥር፣ ምናልባት አስር ነጥብ የማትሞላ ቦታ ላይ፣ ሰማያዊ አለ።

ከብቤ መልሼ ላክሁለት። «የታለ?» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «አየሁት አየሁት!»