«ተጫወተው»

የተወደዳችሁ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

«ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል ዘዳግም 6፡7። ስንቴ ሰምቼው «አስተምረው» ላይ ቆሜ አልፌዋለሁ። ሁለተኛውን ቃል ልብ አላልኩትም። ተጫወተው!

ማስተማሩንስ ድሮም እናውቅበታለን። የኔታ ዘንድ ልጁ በስንደዶ ፊደል እየጠቆመ ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ይዘልቃል። የበረታው ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት ይገባል። ዛሬ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ፣ አስጠኚ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። መልካም ነው። ጳውሎስም በገማልያል እግር አጠገብ ተምሯል። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ግን ያነሣው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው።

ደጃዝማች ተፈሪን ያስተማሩት አባ ሳሙኤልም ተማሪያቸው ገዥ ከሆነ በኋላ አልተለዩትም። በ1907 ዓ.ም. ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባዋ ስትሰጥም አብረው ነበሩ። ተማሪው ተረፈ፣ መምህሩ እዚያው ቀሩ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከድሬ ቁልቢ በእግር ስንሄድ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ እግሬ ሲዝል አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ትጀምርልኛለች። አንድ ጥምዝ ላይ ንጉሡ ይቆጣል። ቀጣዩ ላይ እቶኑ ሰባት እጥፍ ይነዳል። ልክ ልናርፍ ስንል ታቋርጠዋለች (ተንኮለኛ ነበረች)፣ መጨረሻውን ለመስማት ስል እንደገና እነሣለሁ። ዳገቱ ሲያልቅ መልአኩ ወርዶ እሳቱ በርዷል። ሰንበት ትምህርት ቤት በዚሁ ታሪክ ተፈትኜ ነበር። ፈተናውን ረስቼዋለሁ።

እኔስ? ልጄ በባጃጅ ይመጣል። «የቤት ሥራ ሠራህ?» እለዋለሁ። ያው እሱው ነው ጨዋታችን። ከዚያ እሱም ወደ ስልኩ፣ እኔም ወደ ስልኬ።

ባለፈው ማታ መብራት ጠፋ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ምንጣፍ ይዘን ደጅ ወጣን። ዝም ብለን ትንሽ ቆየንና የእናቴን ታሪክ ጀመርኩለት። ዳገት ስለሌለ ቶሎ ጨረስኩት።

«ልብሳቸውስ አልተቃጠለም?» አለኝ።

አላስታወስኩም። መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥተን ዳንኤል 3፡27ን በባትሪ ብርሃን ፈለግን። የእሳቱ ሽታ እንኳ አልደረሰባቸውም። እጅጌዬን ስቦ አሸተተኝ። «አንተ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለህ» አለኝ።